በአባቴ ስም የታተመው ጥናት

የአባቴን ስም እዚህ አልጽፈውም። ብጽፈው እሳቸው ደስ ይላቸው ነበር፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ ለምን እንደፈራሁም ከሥር ታገኙታላችሁ። ፈሪ ነኝ፤ ይሄን ከአሁኑ እወቁልኝ። የዱር እንስሳት ተመራማሪ ሲባል ሰው ከአንበሳ ጋር የምትታገል ጀግና ይመስለዋል። ጉድ ነው! እኔ የማጠናው ጥንብ አንሳ ነው፣ የሸገር ጥንብ አንሳ። ከቄራ ጥራጊ ለቅሞ፣ የሞተ ውሻ አንስቶ፣ ወደ ማታ ላይ ትልቅ ዛፍ ፈልጎ የሚሰፍር ወፍ። ማንንም አይነካም። እኔም ማንንም ሳልነካ የምኖር ይመስለኝ ነበር።

አባቴ መጀመሪያ ላይ አፍረውብኛል። ከጎጃም መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለው፣ ገርጂ ላይ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከረባት ሳያስሩ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። የንስሐ አባታችን «ልጅዎ የምን ዶክተር ናት?» ብለው ሲጠይቋቸው «የእንስሳት» ብለው ያልፋሉ። «የላም ነው?» ሲሏቸው ደግሞ «እንደዚያው ነገር ነው» ይላሉ። ለቄስ ውሸት! ጥንብ አንሳ ከማለት ኃጢአቱን መርጠው።

ነገሩ የተለወጠው የመጀመሪያው ጥናቴ የወጣ ጊዜ ነው። የውጭ አገር መጽሔቶች የኛን የስም ወግ አያውቁም። እዚያ ሰው የሚጠራው በቤተሰቡ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ የራሳችንና የአባታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። ስለዚህ የኔ ስም አንዲት ፊደልና ነጥብ ሆኖ ይቀርና የአባቴ ስም ሙሉውን፣ ጎላ ብሎ ይወጣል። ላፕቶፑን ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ይሄ የኔ ስም አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«እኔ ምን ሠራሁ?»

«ወለዱኛ!»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥንብ አንሳ የቤታችን ወፍ ሆነ። ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ዛሬስ ማን ጠቀሰኝ?» ይሉኛል። የሳይንስ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ሲጠቅሱ ስሙን እንደሚጽፉ አስረድቻቸዋለሁ። «ኬንያ ያለ አንድ ሰው ጠቅሶዎታል» እላቸዋለሁ። «ምን ብሎ?» «እርስዎ እንዳሉት ጥንብ አንሳ ረጅም ዛፍ ይመርጣል ብሎ።» «ልክ ነው፤ ብያለሁ» ይላሉ ኮራ ብለው። ጥናቶቼን ሁሉ እያንዳንዷን አንቀጽ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እንዳነብላቸው ያደርጉኛል። ተማሪዎቼ እንኳ እንደሳቸው አይሰሙኝም። እኔም ወደድኩት። ለማዕረግ ዕድገት ከሚገመግሙኝ ሰዎች ይልቅ የሳቸው «ልክ ነው» ይበልጥብኝ ነበር።

ጣጣ ያመጣብን የሰፈራችን ጥናት ነው።

ከገርጂ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ በአንድ ያረጀ ግቢ ውስጥ ትልልቅ ባህር ዛፎች አሉ። በከተማው ምሥራቅ በኩል የሚውለው ጥንብ አንሳ ወደ ማታ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ሰፈራችን መግቢያ፣ ኢምፔሪያል ጋ ታክሲ እየጠበቃችሁ ቀና ብላችሁ ብታዩ፣ በቀለበት መንገዱ ላይ እየዞሩ ሲወርዱ ታገኟቸዋላችሁ፤ ግን ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሰማይ አያይም። እኔ ለዓመታት አየሁ። ያገኘሁትንም ጻፍኩ፦ እነዚህ ዛፎች ከተቆረጡ ወፎቹ አገር ለቀው አይሄዱም፤ ሌላ ማደሪያ ፍለጋ ይበተናሉ፣ የሚበተኑትም አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት በኩል ነው። አንድ ጥንብ አንሳ ሞተር ውስጥ ቢገባ የሚሆነውን ለማንም መንገር አያስፈልግም።

መጽሔቱ ከስም ጋር ስልክ ጠየቀኝ። የሞባይሉ ኔትወርክ ሲያሰኘው ስለሚጠፋ የቤቱን ስልክ ሰጠሁ። ምን ቆርጦኝ እፈራለሁ ያን ጊዜ? ወፍ ነው የጻፍኩት።

ጥናቱ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካው ቆየ። ከዚያ ግቢው ላይ ፎቅ ሊሠራ ታቅዶ ኖሮ፣ ፈቃድ የሚመረምር አንድ አስተዋይ ሰው ጥናቱን አገኘውና፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ዛፉ አይቆረጥ፣ ግንባታው ይቆይ ተባለ። ስሰማ ዘለልኩ። ለፕሮፌሰርነት የምንሞላው ቅጽ ላይ «ሥራዎ ያመጣው ለውጥ» የሚል ቦታ አለ፤ ሁልጊዜ ባዶውን የምተወው። ያን ቀን ፎክሬ ሞላሁት። ለአባቴም ነገርኳቸው። «እንግዲህ ዛፉን ያስቆምኩት እኔ ነኛ!» አሉ። ተሳሳቅን።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ስልክ መጮህ አበዛ። እኔ ቀን ቀን ቤት የለሁም። ማታ ስገባ «ዛሬም ደውለው ነበር» ይሉኛል።

«እነማን?»

«ተማሪዎች ናቸው መሰለኝ። ስለ ወፎቹ ይጠይቃሉ።»

«አባዬ፣ ሳይንሱን እንዳያበላሹብኝ! የኔን ቁጥር ለምን አይሰጧቸውም?»

«አንቺ ሥራ ይበዛብሻል። እኔ እመልስላቸዋለሁ። ጨዋ ልጆች ናቸው።»

ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ አገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ሰው አላዋቂ ሲሆን እንዲህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ቀጠረኝ። እሱ አሁን ለሕንፃ ሠሪዎች የአካባቢ ጥናት እየሠራ ነው የሚኖረው። በስልክ የማይወራ ነገር አለኝ ሲለኝ ትዳሩ ነው ብዬ ነበር። ማኪያቶው ሳይመጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰውየው ማነው፣ የት ነው የሚኖረው እያሉ ነው» አለኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የዛፉን ጥናት የጻፈው። ገንዘባቸውን እዚያ መሬት ላይ ያፈሰሱ ሰዎች ናቸው፤ ቀልድ አያውቁም። የሚጠሩት የአባትሽን ስም ነው። ወንድ ነው ብለው ነው የሚያስቡት።»

መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ወዲያው ግን ነገሩ ገባኝ። ገርጂ ውስጥ የአባቴን ስም ጠርቶ ቤታቸውን የሚያጣ ሰው የለም። ባለ ሱቁ፣ ልብስ ተኳሹ፣ መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወተው ልጅ ሁሉ «በዚህ ግቡ» ብሎ እጅ ይዞ ያደርሳል። ቤት ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ አነሱት።

«አባዬ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። እንግዶች መጥተውብኛል፤ በኋላ እንነጋገር» አሉና ዘጉት።

አባቴ ስልክ ዘግተውብኝ አያውቁም። ሁልጊዜ ቀድሜ የምዘጋው እኔ ነኝ፤ እሳቸውማ «ሌላስ? ሌላስ?» እያሉ ነው የሚይዙኝ። ጓደኛዬን ሳልሰናበት ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፣ ወያላው ሂሳብ ሲለኝ የሰጠሁትን አላውቅም፣ መልስም አልተቀበልኩም። መንገዱ ዝግትግት ብሏል። ደግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ። አይነሳም። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ፤ «አባቴ» ብቻ ነው ያልኳቸው። እሳቸውም ጠጋ ብለው እጄን ያዙኝ። እንዲያዝኑልኝ አልፈለግሁም፤ ሲያዝኑልኝ ነገሩ የደረሰ መሰለኝ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ኢምፔሪያል ጋ ስንደርስ ታክሲው አልንቀሳቀስ ሲል ወርጄ ሮጥኩ። እኔ፣ ደረጃ ስወጣ እንኳ የማለከልክ ሴት።

የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በረንዳው ላይ ሦስት ወንበር፣ ሁለት የተጠጣ ለስላሳ፣ አንድ ያልተነካ። አባቴ የሉም። ከዘራቸውም የለም። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ባለ ሱቁ ከማዶ ብቅ ብሎ «ኧረ ከእንግዶቹ ጋር በመኪና ወጡ፤ ወደ ወንዙ ነው የታጠፉት» አለኝ። ፈገግ እያለ! ለሱ ጋሼን ባለ መኪና እንግዶች ሽርሽር ወሰዷቸው።

ወንዝ። ያ ቁልቁለት። ወረድኩ። የመድኃኔዓለም ያለህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚህ በኋላ ወፍ ቀና ብዬ አላይም እያልኩ ተሳልኩ። ምን ዓይነት ስለት እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ዛፎቹ ሥር ቆመዋል። በሕይወት። ከረባታቸውን አስረው፣ በከዘራቸው ወደ ላይ እየጠቆሙ፣ ሁለት ደህና የለበሱ ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው ይሰሟቸዋል። ስደርስ «...ጎጇቸውም እዚህ ነው» እያሉ ነበር። ጎጆ የላቸውም እዚያ፤ ማደሪያ ብቻ ነው! እንዲህ ፈርቼ እንኳ ለማረም አፌን ከፈትኩ። ሰው ጉድ ነው።

ታላቅየው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ትሁት ነው፤ ትሕትናው ነው ያስፈራኝ። «እርስዎ ደግሞ?» አለኝ።

አባቴ ቀደሙኝ። «ልጄ ናት» አሉ። «ቤት ነው የምትውለው። ምሳ ቀርቧል ልትለኝ መጥታ ነው። እሷ ይሄን ነገር አታውቅም።»

አየኋቸው። አላዩኝም። እጄ ላይ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ማንጠልጠያ ነበረ፤ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ጡጫዬ ውስጥ ጨብጬ ደበቅሁት። ያኔ ገባኝ። እኒህ ሰዎች ለምን እንደመጡ አባቴ ያውቃሉ። ገና በሩን ሲከፍቱላቸውም ያውቁ ነበር።

«እንግዲህ ዶክተር» አላቸው ሰውየው፣ «ጥናቱ ላይ ስሕተት ነበረ ብለው አንድ ቃል ቢጽፉ ሁላችንም በሰላም እንኖራለን። ያስቡበት። ዕድሜዎም ገፍቷል። ጠዋት ጠዋት ኪዳን ለማድረስ ብቻዎን ነው አሉ የሚሻገሩት፤ ይሄ ኢምፔሪያል መኪና ይበዛበታል። ይጠንቀቁ።»

«መኪናውስ እውነት ነው፣ በዝቷል» አሉ አባቴ። «ጥናቱ ላይ ግን ስሕተት የለም።»

መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው መሬቱን አዩ። እኔ ግን እንደማዘን ቁጣዬ መጣ።

«ተማሪዎች ናቸው ያሉኝ? ጨዋ ልጆች?»

«ዝም አይነቅዝም።»

«አባዬ! ስንት ጊዜ ደወሉ? ምን እያሉ?»

«ይሳደባሉ። አንዳንዴ ዝም ብለው ይተነፍሳሉ። መጀመሪያ የደወሉ ቀን ዶክተሩ አንተ ነህ ወይ አሉኝ። ስሙ የኔ አይደል? ነኝ አልኩ።» አክለውም «ብነግርሽ ትፈሪ ነበር» አሉ።

ቁልቁለቱን ስወርድ የሮጥኩትን ዳገቱን ስንወጣ አለቀስኩት።

አንድ የማውቀው ጠበቃ ጋ ሄጄ ነበር። አዳመጠኝና «ምን ብለን እንክሰሰው? መንገድ ሲሻገሩ ይጠንቀቁ አላቸው። የትራፊክ ደህንነት ምክር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ፍርሃት ምስክር የለውም። ከዚያ ወዲህ የኖርኩትን ኑሮ ኑሮ አልለውም። በራችን ላይ ሞተር ሲቆም ማንኪያ ከእጄ ይወድቃል። ስልክ እንዳያነሱ ለመንኳቸው፤ ሽቦውን ብነቅለው መልሰው ይሰኩታል። ኪዳን መሄድ ይቅርብዎ ስላቸው «ስለ ጥንብ አንሳ ብዬ እግዜርን ልቅርበት?» አሉኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከኋላቸው እወጣለሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት፣ እኔ ራቅ ብዬ ከኋላ፣ ዓይኔን ከመኪናው ጎማ ሳልነቅል። መኖሬን ያውቃሉ። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ሳይዞሩ ይቆሙና እስክደርስ ይጠብቁኛል።

በዚህ መሐል ሁለተኛው ጥናት ደረሰ። ወፎቹ ላይ ትንንሽ መከታተያ አስረን፣ ሌላ ቦታ ዛፍ ሲቆረጥባቸው ወዴት እንደሚሄዱ ያየንበት ነው። የመጀመሪያውን «ይሆናል» ያልኩትን ይሄኛው «ነው» ይላል። መጽሔቱ የመጨረሻውን እርማት ብቻ እየጠበቀ ነው፤ በዛፉ ላይ የሚወስኑትም ሰዎች ጥናቱን እየጠበቁ ናቸው። እኔ ግን አንቄ ያዝኩት። «ያ ጥናት የት ደረሰ?» ይሉኛል አባቴ። «ገና ነው» እላለሁ። አላመኑኝም፤ እኔም እንዳላመኑኝ አውቃለሁ።

ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ ቆረጥኩ። ላፕቶፑን ሳሎን ከፈትኩና ከጥናቱ ራስ ላይ የአባቴን ስም አጠፋሁት። በቦታው የአያቴን ጻፍኩ፣ የአባቴን አባት። አያቴ ጎጃም፣ አጥቢያቸው ቅጥር ውስጥ ካረፉ ቆይተዋል። ማንም በራቸውን አያንኳኳም፣ ማንም ኢምፔሪያል ላይ አይጠብቃቸውም። በዚህ ስም ከወጣ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥረው ኮምፒውተር ሌላ ሰው ያደርገኛል፤ እስከዛሬ የተጠቀስኩት ሁሉ ለማትታወቅ ሴት ይቀራል፣ ፕሮፌሰርነቱም ይዘገያል። ይዘግያ! ፕሮፌሰር ሆኜ አባት ከማጣ።

ከኋላዬ መጥተው መቆማቸውን አልሰማሁም። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ፊደሉን እየተከተሉ አነበቡ።

«ይሄማ የአባቴ ስም ነው።»

«አዎ።»

«የኔስ?»

ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ። «ፈራሁ፣ አባዬ» አልኳቸው። «በጣም ነው የፈራሁት። እሳቸውን ማንም ምንም አያደርጋቸውም።»

ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳይ ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ያ የመጀመሪያው ቀን፣ «እኔ ምን ሠራሁ?» ያሉኝ ጊዜ የነበረው ፊት ነው፤ ሳቁ ብቻ የለም።

«አባቴ ገበሬ ነበሩ» አሉኝ። «ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አያውቁም። ተያቸው፣ ይረፉበት። እኔ ግን አንቺ ስታነቢልኝ ስንት ዘመን አጥንቼዋለሁ። የኔን መልሺ።»

«አባዬ...»

«እኔ አልፈራም አልኩሽ? እፈራለሁ። ማታ ማታ አይወስደኝም። መልሺ ግን።»

መለስኩት። ስቼ ስጽፍ፣ የገዛ ስሜ ጭራ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ፊደል በፊደል ነገሩኝ። ስሙ ተመልሶ ቦታው ገባ። «ላክ» የሚለው ላይ ቀስቱን አደረግሁ፤ መጫን ግን አቃተኝ።

ስልኩ ጮኸ።

ሁለታችንም ዞረን አየነው። «እኔ ላንሳው» ብዬ ስነሳ በእጃቸው ትከሻዬን ተጭነው አስቀመጡኝ፤ እንዲያ ጉልበት ያላቸው አይመስለኝም ነበር። ከረባታቸውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ፣ ሄዱ፣ አነሱት። ትንሽ አዳመጡ። ከወዲያ የሚናገረው ድምፅ የወንድ ነው፤ ቃሉ አይሰማኝም።

አባቴ ወደኔ ዞሩ። በነጻ እጃቸው ወደ ላፕቶፑ እየጠቆሙ፣ ተጫኚው በሚል ዓይን እያዩኝ፣

«አዎ» አሉ፣ «ዶክተሩ እኔ ነኝ።»